ሐይቅ የገባው ጓሮ

ተበላ በምትባለው ከተማችን የልብስ ስፌት ቤቴ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ከሶዶ ሚኒባስ የሚወርድ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን ነው። «እህት፣ ወደ ወደቡ በየት በኩል ነው?» ይለኛል። ፎቶ አይቶ ነው የሚመጣው። ፎቶው ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ነጭ መርከብ አለ፣ ዘንባባ አለ፣ አረንጓዴ ሣር አለ። እኔም የባጃጁን ተራ በእጄ አሳየዋለሁ። «ሣሩን እንዳትረግጥ አደራ» ስለው ይስቃል፤ ቀልድ ይመስለዋል። ሣሩ የበቀለበት አፈር የእህቴ የአሳየሽ ጓሮ መሆኑን ለመንገደኛ ሁሉ ላስረዳ ብል ደግሞ ስፌቴ ቆሞ ይቀራል። ዛሬ ግን መኪናዬ መርፌ ሰብራለች፣ እኔም ሆዴ ሞልቷል፣ ልናገር።

የምናገረው ስለ እህቴ ባል ስለ ጦና ነው። ስሙ የወላይታ ንጉሥ ስም ነው። ንጉሡ በሩ ላይ የመጣውን እስከ መጨረሻው ተዋግቷል ይባላል፤ የእኛው ጦና ግን በሩ ላይ ለመጣ ሁሉ ወንበር ያወጣል። በጉርምስናው ወንጂ ወርዶ ሸንኮራ ቆረጠ፤ ወባ ይዞት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ቆፋሪ ሆነ። ከጉኑኖ እስከ በዴሳ እሱ ከቆፈረው ጉድጓድ የሚጠጣ ቤት ብዙ ነው።

አሠራሩ አንድ ነበር። ሊቆፍር ሲሄድ መጀመሪያ ከባለቤቱ ጋር ይበላል። ጎደሬም ይሁን ቆጮ በጎመን፣ ያለውን ይበላል፤ ከአንድ ገበታ ካልበላ ዶማውን አያነሳም። ምስክር አይጠራም፣ ወረቀት አያስፈርምም። «አብሮኝ የበላ ሰው እንዴት ይክደኛል?» ይላል። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ማንም ክዶት አያውቅም። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ከላይ ገመዱን የሚይዝለት ያው አብሮት የበላው ሰው ነው። ገመዱ ተለቆበት ስለማያውቅ የሰው ልጅ ሁሉ እንደዚያ ይመስለው ነበር።

እህቴ አሳየሽ ሌላ ፍጥረት ናት። በልጅነቷ ሶዶ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አማርኛ የተማረችው እዚያ ነው፤ «አቤት»ን፣ «መጣሁ»ን፣ «ቀርቧል፣ ይብሉ»ን። አማርኛዋ ከእኔ ይልቅ የጠራ ነው። ካገባች በኋላ ግን በቤቷ ውስጥ አንድ ቃል አማርኛ አውጥታ አታውቅም፤ ሁሉ ነገር በወላይትኛ ነው። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር። «አማርኛ ቆሜ የማወራበት ቋንቋ ነው» አለችኝ። «ቤቴ ውስጥ ቁጭ እላለሁ።»

ቤታቸው ከተበላ ወደ ሐይቁ ሲወረድ ካለው ኮረብታ ላይ ነበር። ከደጃፉ ሲቆሙ ታች አባያ ቀይ ሆኖ ይታያል። በእኛ ሙቀት እንሰት እንደ ዳሞት ደጋ ዝም ብሎ አይበቅልም፤ ካልመገቡት የለም። አሳየሽ መገበችው። ማለዳ ማለዳ ከላሟ ሥር ፍጉን ጠርጋ፣ የምድጃውን አመድ ጨምራ፣ ተሸክማ ጓሮ ትወስዳለች። አፈሩን የተረከበችው ከአማቷ ነው፤ አማቷም ከአማቷ። እንዲህ ያለውን አፈር እኛ ዳርኳ እንለዋለን፤ ቤት ዙሪያ ያለ፣ በሴት እጅ የተሠራ ጥቁር አፈር ነው። ከእሱ ትንሽ ወጣ ሲሉ መሬቱ ቀይ ድንጋያም ነው፣ ምንም አያወጣም።

የመጀመሪያ ልጃቸው ቤቴል የተወለደች ቀን ጦና በደስታ ሲዘል የአሳየሽን ሰማያዊ የሸክላ ሳህን ሰበረባት። ስብርባሪው ከአመዱ ጋር ተጠርጎ ጓሮ ገባ። አሳየሽ ስትኮተኩት አልፎ አልፎ ሰማያዊ ነገር ብቅ ይልባታል። «ያንተ ደስታ ወጣልህ» ብላ ትጣራለች፤ እሱም ከደጅ ሆኖ ይስቃል። ቤቴል አድጋ በዴሳ ተዳረች፣ ሳህኑ ግን ያን ያህል ዘመን ከአፈሩ ሲወጣ ኖረ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደብ መጣ። አዎ፣ ባሕር የሌለን ሰዎች ወደብ መጣልን። መርከቡ ከእኛ ዳር ተነሥቶ፣ በአባያ ላይ ሲዝናና ውሎ፣ አርባ ምንጭ ያድራል ተባለ። ቱሪስቱ ከፎቁ ላይ ሆኖ አዞና ጉማሬ ያያል፤ የእኛ ልጆች ደግሞ አስተናጋጅ ይሆናሉ። ሁላችንም አጨበጨብን።

መጀመሪያ የደረሰው ግን መርከቡ ሳይሆን ጭቃ የሚጠባው ማሽን ነው። ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ረጅም አፍንጫውን ወደ ታች ይሰድዳል፤ ከሐይቁ ሥር ጭቃ ይመጥጣል፤ በቧንቧ ወደ ዳር ይተፋዋል። ጭቃ የወጣበት ቦታ ጠልቆ ለመርከቡ መንገድ ይሆናል፣ የወጣው ጭቃ ደግሞ ዳር ላይ ተከምሮ አዲስ መሬት ይሆናል። ሐሳቡ ይህ ነበር። መሬት ለጠበበበት ለእኛ ሕዝብ ከውኃ መሬት ሲወጣ ማየት ተአምር ነው፤ ቆሮሶ ዓሣ የሚያጠምዱት እንኳ መረባቸውን ጥለው ቆመው ያዩ ነበር።

ጭቃው ግን መሬት መሆን እምቢ አለ። ላይ ላዩን ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ሲረግጡት እስከ ጉልበት ይውጣል። የቢላቴ ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር እየጫነ ሐይቁ ውስጥ ያራገፈው ደለል ነው፣ ከየት አምጥቶ ይጠንክር? ስለዚህ ከላዩ ገረጋንቲ፣ ማለት ጠጠራማ ቀይ አፈር፣ ይልበስ ተባለ። ገረጋንቲ ፍለጋ ኮረብታውን ሲጎረጉሩ ከርመው ምርጡ የተገኘው ከጦና ቤት ሥር ሆነ።

የሙሌቱ ኃላፊ ኢንጂነር ይድነቃቸው የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ወጣት ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆንማ ጦና እንኳ ይጠነቀቀው ነበር። ካሣው በደንቡ ተሰጠ፣ በእሱ አላማርርም። ታች ድንጋያማው ሜዳ ላይ ለጊዜው መኖሪያ ተሰጣቸው። የቀረው አንድ ነገር ጥቁሩ አፈር ነበር። አሳየሽ የጠየቀችው እሱን ብቻ ነው። ኢንጂነሩም ጥቁሩን አፈር ገፍተን ጥግ ላይ እናቆየዋለን፣ ገረጋንቲውን አውጥተን ስንጨርስ ጉድጓዱን ደልድለን መልሰን እናለብሰዋለን፣ እንሰታችሁን እዚያው ትተክላላችሁ አለ። ደግሞም የተናገረው በጊፋታ ነው።

ጊፋታ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ጎረቤት ተባብሮ በሬ ይጥላል፣ የተጣላ ይታረቃል። የጊፋታን ሥጋ አብረው የበሉ ሰዎች በዚያ ዓመት አይካካዱም፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ጦና ኢንጂነሩን ጠርቶ ከጎኑ አስቀመጠው። ሻኛውን ቆርጦ ዳጣ አስነክቶ በእጁ አጎረሰው። ዳጣው ሲያቃጥለው ኢንጂነሩ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ቤቱ በሳቅ ደመቀ። እኔም ከቆጮ የሚሠራውን ሙቹዋ በቅቤ እያሸሁ ነበርኩ።

ጦና በዚያ በገበያ አማርኛው፣ «አፈሩ ግን ትመለሳለች፣ አይደል?» አለው።

«ጋሽ ጦና፣ እንኳን አፈርዎ አመድዎም ይመለሳል!» አለ ኢንጂነሩ፣ አፉ ሥጋ ሞልቶ።

አሳየሽ ከጓዳ በር ሆና በወላይትኛ ተናገረች። «ይህን ቃል ጉታራው ላይ፣ ሽማግሌ ፊት ይድገመው።» ጉታራ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚሰሙበት መስክ ነው።

ጦና ፊቱ ቀላ። «የቤቴል እናት፣ ሥጋችንን እየበላ ያለ ሰው ሽማግሌ ፊት ላቁመው? ነውር አይደለም እንዴ?» አላት እሱም በወላይትኛ።

«ምን እያሉ ነው?» አለ ኢንጂነሩ።

«ጨምርለት እያለችኝ ነው» አለ ጦና፤ ከሻኛው ቆርጦ ጨመረለት።

አሳየሽ ወደ ጓዳ ገባች፣ ነገሩም በዚሁ አበቃ። ጦና ዶማ ሊያነሳ እንደበላ ሰው ነው የተሰማው፤ ውሉ ታስሯል፣ ገመዱ ተይዟል። ለኢንጂነሩ ግን ምሳ ነበር። ጥሩ ምሳ፣ በስልኩ ያነሳው፣ ለጓደኞቹ የላከው ምሳ። ይህን እስካሁን ለጦና ላስረዳው አልቻልኩም። «በጊፋታ ነው እኮ የበላው» ይለኛል።

እንሰቶቹ ተነቀሉ። የደረሱትን ፍቀን ቆጮ አደረግናቸው፤ ችግኞቹን አሳየሽ ሥራቸውን በጨርቅ ጠቅልላ አኖረች። ጥቁሩ አፈር ተገፍቶ ከመንገዱ ዳር ተቆለለ። አሳየሽ ዝናብ እንዳይወስደው ቁልሉን በቅጠል አለበሰችው፣ ዱባም ተከለችበት። ከታች ቤቷ ወጥታ በየጊዜው ታየዋለች፤ ፍግም አልተወችም፣ እዚያው ቁልሉ ላይ ትጨምራለች። ኮረብታው ደግሞ በገልባጭ መኪና እየተጫነ ወደ ሐይቁ ወረደ። አቧራው ተበላ ድረስ መጥቶ ሸማዬን ያቀላብኝ ነበር። ጦና ግን ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚሄደው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ፣ «ወደቡን የተሸከመችው የኔ መሬት ናት» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የጌታ ቤት ደጅ ባይሆን ኖሮ እነግረው ነበር።

የምረቃው ቀን ሲቃረብ ወደቡ ሁሉ ቀይ ገረጋንቲ ሆኖ ታየ። እንግዶቹ ፎቶ የሚነሡበት አረንጓዴ ነገር ያስፈልጋል ተባለ። ገረጋንቲ ላይ ሣር አይበቅልም። ጥሩ ጥቁር አፈር ደግሞ ቅርብ አለ፣ ተቆልሎ፣ ለመጫን የተዘጋጀ።

ሎደሩ የመጣው በገበያ ቀን ነው፤ አሳየሽ ተበላ ወርዳ ቅቤ ትሸጥ ነበር። ጦና ሲደርስ ግማሹ ተጭኗል። ኢንጂነሩም እዚያው ነበር፤ ሸሽቶ ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር። ትከሻውን አቅፎ አነጋገረው።

«አይዞዎት ጋሽ ጦና። አፈርዎ እኮ የትም አልሄደም፣ ወደቡ ላይ ነው ያለው። ምረቃው ይለፍ እንጂ ይመለሳል። እስከዚያ ደግሞ እርስዎን ጥበቃ አድርጌ እቀጥርዎታለሁ፤ ራስዎ ይጠብቁታል።»

ይህን ሲሰማ ጦና ምን ቢል ጥሩ ነው? አመሰገነ። አሳየሽ ከገበያ ስትመለስ፣ «አትስጊ፣ ራሴ ነኝ የምጠብቀው፤ ሲመለስ አብሬው እመለሳለሁ» አላት። እሷ ሎደሩ የጣላቸውን ዱባዎች ለቀመች፤ ያልፈረጡትን ለየች፣ ተሸክማ ሄደች።

የጥበቃዎቹን ልብስ እንድሰፋ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። የጦናን ሰማያዊ ዩኒፎርም እኔው ለካሁ፣ እኔው ሰፋሁ። ትከሻው ጉድጓድ ቆፍሮ የሰፋ ትከሻ ስለሆነ ጨርቅ ጨመርኩለት። ሲለብሰው ሙሽራ መሰለ፤ መስተዋቴ ፊት ዞሮ ዞሮ ታየ። ማዘን እንዳለብኝ ባውቅም አማረብህ አልኩት፤ አምሮበትም ነበር።

መርከቡ በትልልቅ ተሳቢ ተቆራርጦ መጥቶ እዚያው ተገጣጠመ። የምረቃው ዕለት ባንድ ነበር፣ ሪባን ነበር፣ ሣሩም ለምለም ብሎ ነበር። መርከቡ ጥሩምባውን ነፍቶ ተነሣ፤ ጥቂት ሄዶ ቆመ። መጀመሪያ ለፎቶ የቆመ መስሎን አጨበጨብንለት። ኋላ ግን ሞተሩ ቀይ ጭቃ ሲረጭ አየን። ያን ሰሞን በላይኛው አገር ዘንቦ ቢላቴ መንገዱን መልሶ ሞልቶታል። እንግዶቹን ያወጧቸው እነዚያ ቆሮሶ አጥማጆች ናቸው፣ በጀልባቸው እያመላለሱ። አንዱ ትልቅ እንግዳ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ሲወርድ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። አጠገቤ ጦና በአዲሱ ዩኒፎርሙ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ ጭቃ የሚጠባው ማሽን ሄዶ አያውቅም። በበጋ ይጠባል፣ በክረምት ቢላቴ ይሞላል፣ እንደገና ይጠባል። መርከቡ ዳር ላይ ታስሯል፤ ሰው ፎቅ ላይ ወጥቶ ለስላሳ ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይወርዳል። ኢንጂነር ይድነቃቸው ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ። ሲሄድ ጦናን አቅፎ ሳመው። ጦና ስለ አፈሩ ጠይቆት ነበር፤ «የሚተካኝ ሰው ያውቃል» አለው። የተካው ሰው ግን በጊፋታ አልነበረም፣ ሥጋም አልበላም፣ ምንም አያውቅም። ኮረብታው ላይ ቤታቸው የነበረበት ቦታ ትልቅ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ፤ ዝናብ ሞልቶት እንቁራሪት ይጮህበታል። ያን ያህል የውኃ ጉድጓድ ለሰው የቆፈረ ሰው የራሱ ቤት እንዲህ ሆነለት።

አሳየሽ ችግኞቹን ታች ድንጋያማው ላይ ተከለቻቸው። ፍግ አለበሰቻቸው፣ ውኃ ተሸክማ አጠጣቻቸው። ቅጠላቸው እየቀጨጨ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። ከላሟ የሚወጣው ፍግ ያንን ድንጋይ አፈር እስኪያደርገው የሦስት አማት ዕድሜ ይፈልጋል። ጥቂቶቹ ብቻ በሕይወት ቀሩ። ለእነሱ ሥር የሚሆን ከዚያ ጥቁር አፈር ትንሽ ቢገኝ ይተርፋሉ፤ እነሱ ከተረፉ ደግሞ ዘሩ ይተርፋል። ጦናን፣ «ጠይቅልኝ» አለችው።

ጦናም የጥበቃውን ኃላፊ ሚልክያስን ጠየቀው። ሚልክያስ የተበላ ልጅ ነው፤ የአባቱን ቤት ጉድጓድ የቆፈረው ጦና ነው፣ እዚያም ቤት በልቷል። «ጋሽ ጦና፣ ከዚህ ግቢ ሣር እንኳ አይወጣም ተብያለሁ» አለው ሚልክያስ። «ባለፈው የወጣ ብረት ነበር፣ ሰው ተባሯል። ማዘንስ አዝንልሃለሁ፤ እኔም ግን ሠራተኛ ነኝ።» ጦና ይህንኑ ለአሳየሽ ነገራት። ሌላ ጊዜ አልጠየቀችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ ያየሁት፣ ወደቡ ላይ የተጠገኑ ዩኒፎርሞች ላደርስ ሄጄ ነው። ከቀትር በኋላ ነው፣ የማሽኑ ድምፅ ከሐይቁ ላይ ያጓራል። ዩኒፎርሞቹን ለሚልክያስ እየቆጠርኩ ሳለ ዘንባባው ሥር አንዲት ሴት ተንበርክካ አየሁ። ሣሩን እንደ ምንጣፍ ገልብጣ፣ ሥሩ ያለውን አፈር በሁለት እጇ እየዛቀች ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ትጨምራለች። አልተደበቀችም። በራሷ ጓሮ የምትሠራ ሴት ነው የምትመስለው። አሳየሽ ናት።

ሚልክያስ አያት። ፊቱ ልክ እንደ እኔው ደነገጠ። ከመርከቡ ፎቅ ላይ ደግሞ አለቆቹ እንግዳ ይዘው ተቀምጠው ያያሉ። «ጋሽ ጦና!» ብሎ ተጣራ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብሎ። «ያ ቦታ የማን ነው? ሂድ እንጂ!»

ጦና ሄደ። እኔም ተከተልኩት። አሳየሽ ቀና አላለችም። አፈሩን በጣቷ ስትፈትሽ አንድ ነገር አገኘች፤ አራግፋ ስታወጣው የሰማያዊው ሳህን ስባሪ ነው። ጦናም አየው፣ እኔም አየሁት። እሷም ያኔ ብቻ ቀና ብላ አየችው፤ እንደ ድሮው «ያንተ ደስታ» ትለዋለች ብዬ ነበር። ስባሪውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«የቤቴል እናት» አላት ጦና በወላይትኛ። «መልሺው። እያዩን ነው። ይህ ሥራ ከሄደ ምን እንበላለን?»

«አንተ ነህ መልሺ የምትለኝ?»

«እኔ አይደለሁም። ሥራው ነው።»

አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ እሷ ግን በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ከረጢቱን አነሣች፤ ገልብጣ አራገፈችው። ሣሩን መልሳ አለበሰችው፣ በመዳፏም ጠቅጠቅ አደረገችው። ከዚያ ቁጭ ብላ የላስቲክ ጫማዋን አወለቀች፤ አንዱን ከአንዱ እያጋጨች ውስጡ የገባውን አፈር አራገፈች። በጣቶቿ መካከል የቀረውንም በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች። ተነሥታ ጦና ፊት ቆመች፤ እጆቿን ከጎንና ከጎን ዘረጋች።

«ይፈትሹኝ» አለችው፣ በአማርኛ።

ጦና አልገባውም፣ ወይም እንዳልገባው ሆነ። በወላይትኛ ስሟን ጠራት። ስሟን በስሟ ጠርቷት ሰምቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የቤቴል እናት ነው የሚላት።

«ደንቡ ነው፣ ይፈትሹኝ። አልወሰድኩም» አለች። ያ የሶዶ አማርኛዋ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ ዓይን ወደ መሬት።

ከፎቁ ላይ እያዩ ነበር። ሚልክያስ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ፤ እሱስ ምን ያድርግ። ጦና ባዶውን ከረጢት ተቀበለ፣ እጁን ከቶ ዳበሰው። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ይይለት፣ ሚስቱን ፈተሸ። ነጠላዋን ዳበሰ፤ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። አውቆታል። «ምንም የለም!» ብሎ ወደ ሚልክያስ ጮኸ።

አሳየሽ ግን ቋጠሮውን ራሷ ፈታች። ስባሪውን መዳፉ ላይ አኖረችለትና በባዶ እግሯ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በገረጋንቲው ላይ ወጥታ ሄደች። የዚያው የኮረብታቸው ድንጋይ ነው፤ ይወጋል። ዞር ብላ አላየችም።

እኔ ጦናን ያን ዕለት ጠልቼው ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተወኝም። እሱ ግን ሥራውን አልተወም፤ ቢተወውስ ምን ይበሉ ነበር? በየቀኑ ሣሩ ዳር ይቆማል፤ ሕፃን ሲሮጥበት ፊሽካውን ይነፋል። ሰሞኑን ሱሪውን ይዞልኝ መጣ፤ የቀኝ ኪሱ ከታች ተቀዷል። «ምን አስገብተህ ነው እንዲህ የቀደደው?» ብዬ ጠየቅኩት፣ እያወቅኩ። ወፈር ያለ ጨርቅ ደርቤ ሰፋሁለት።

የተረፉት እንሰቶች ደረቁ። አሳየሽ ትታው አለመሄዷ ሰውን ይገርመዋል። በዴሳ ቤቴል ጋር ትሄዳለች ብለን ነበር፤ አልሄደችም። አልተጣሉም፣ አልተሰዳደቡም፣ ሽማግሌም አላስቀመጡም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቤታቸው ሄጄ ነበር። አሳየሽ ውጭ ከላሟ ጋር በወላይትኛ ስታወራ ሰማኋት፤ እየሳቀች ነበር ማለት ይቻላል። ጦና ከሥራ ሲገባ ወሬዋን ትታ ወደ ቤት ገባች። ገበታውን አቀረበች፣ የእጅ ውኃ አስታጠበችው፣ ፎጣውን በክንዷ አንጠልጥላ አጠገቡ ቆመች።

«ቀርቧል፣ ይብሉ» አለችው በአማርኛ።

«ነይ ተቀመጪ፣ አብረን እንብላ» አላት እሱ በወላይትኛ፤ እንጀራውን እንኳ አልነካም።

«እኔ በኋላ» አለች። እስኪበላ ቆማ ጠበቀችው።